ሎከሩ ሞልቷል፤ ዕቃችን የት ይግባ? ለሕንጻችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የዕቃ መረከቢያ ሎከሩ መጠን እንደገና ተጠንቶ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ለተከበራችሁ የሕንጻችን ባለቤቶችና የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፤

በሰሜን ምዕራብ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ብዙም በማይርቀው ሕንጻችሁ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ ተከራዮች ነን። ይህንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አዘጋጅተን ለጽሕፈት ቤታችሁ አስገብተናል። በአማርኛ በግልጽ ያወጣነው ችግሩ በአንድ ሕንጻ ስለማያበቃ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ተመሳሳይ ሎከር ሊተከልላቸው እንደሆነ ነግረውናል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አከራያቸውን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ቢያውቁ እንወዳለን።

ባለፈው ዓመት ፍሮንት ዴስኩ የተከራይ ዕቃ መቀበል እንዲያቆም ወሰናችሁ። ዕቃ ይቀመጥበት የነበረው ክፍል ተቆለፈ። በምትኩ ሎቢው ውስጥ፣ ከፖስታ ሳጥኖቹ ጎን፣ ባለ 48 ሳጥን የብረት ሎከር ቆመ፤ ሹፌሩ ዕቃውን አንዱ ሳጥን ውስጥ ሲያስገባ የመክፈቻ ኮድ በስልክ ይላካል። ስለ ውሳኔው የሰማነው በየበራችን ሥር በተወረወረ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ሎከር የሚባለውን ነገር አንቃወምም። ከሥራ ሌሊት ስምንት ሰዓት የሚመለስ ሰው ማንንም ሳይቀሰቅስ ኮዱን ነክቶ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ደስ ይላል፤ ሎከሩ ቦታ ባለው ቀን ይህን አይተነዋል። የምንቃወመው ስንት ሳጥን፣ በምን ስፋት፣ ለስንት ቀን እንደሚያስፈልግ በወጉ ሳይጠና መተከሉንና የጉድለቱን ዋጋ እኛ እንድንከፍል መደረጉን ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ከእናንተ ጋር ባደረግነው ስብሰባ ላይ የተሰጠን ማብራሪያ «ቤቱ 200 ነው፤ አዲሱ ሎከር 48 ሳጥን አለው፤ ከፖስታ ሳጥኖቹ ጋር ያሉት 20 የዕቃ ሳጥኖች ሲጨመሩ 68 ይሆናል፤ ይበቃል» የሚል ነበር። እነዚያን 20 ሳጥኖች መደመር ስሕተት ነው። የፌዴራል ፖስታ አገልግሎት ደንብ ከፖስታ ሳጥኖች ጋር የዕቃ ሳጥንም እንዲኖር ስለሚያዝዝ የተቀመጡ ናቸው፤ ከፍቶ ዕቃ የሚያስገባባቸውም ፖስተኛው ብቻ ነው። የፖስታ ክፍያ ያልተከፈለበትን ነገር በፖስታ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ፣ ፌዴክስ ወይም የአማዞን ሹፌር ያመጣው ዕቃ ወደ እነዚያ ሳጥኖች ሊገባ አይችልም። 20ዎቹ ባዶ ሆነው እያደሩ 48ቱ ከቀትር በፊት ሞልተው፣ ዕቃው ወለል ላይ ተደርድሮ ያየንበት ቀን ብዙ ነው።

ደግሞስ የቤት ቁጥር ብቻውን የሎከርን መጠን አይነግርም። ከመካከላችን ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩን ከማንም በላይ ያውቁታል። መቶ መኪና የሚይዝ ጋራዥ ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡ መኪኖች ከያዙት በቀን የሚያስተናግደው መቶ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ቆመው የሚሄዱ ከሆነ ግን ያው ጋራዥ በቀን ብዙ መቶ መኪና ያስተናግዳል። ሎከርም የሚሞላው በቀን በሚገባው ዕቃ ብዛትና እያንዳንዱ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ በአማካይ ስንት ሳጥን እንደተያዘ ይገኛል። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል በ1961 በሒሳብ ያረጋገጡት ሕግ ነው፤ ሆስፒታል ስንት አልጋ እንደሚያስፈልገው ሲሰላም ይሠራበታል።

ለምሳሌ በዚህ ሕንጻ በቀን 60 ዕቃ ይገባል እንበል። እያንዳንዱ አንድ ቀን ተኩል ቢቆይ በማንኛውም ሰዓት 90 ሳጥን ተይዞ ይገኛል ማለት ነው። ያውም አማካዩ ነው። አንዱ ቀን ያንሳል፣ ሌላው ይበልጣል፤ ያንን መዋዠቅ ብቻ ለመቻል ወደ 110 ሳጥን ያስፈልጋል። በበዓል ሰሞን የሚገባው ዕቃ በግማሽ ቢጨምር አማካዩ ራሱ 135 ይደርሳል። 60 ያልነው የኛ ግምት ነው፤ ከዚያ ቢያንስም በጽሑፍ አሳዩን፤ እንቀበላለን። ትክክለኛው ቁጥር ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ፍሮንት ዴስኩ ለዓመታት እያንዳንዱን ዕቃ ሲቀበል የገባበትን ቀን፣ የቤቱን ቁጥርና የተወሰደበትን ሰዓት በመዝገብ ሲጽፍ ኖሯል። የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ እዚያ አለ። ሎከሩ ከመታዘዙ በፊት ያ መዝገብ ታይቶ እንደሆነ ጠየቅን፤ ያገኘነው መልስ የሎከሩ ኩባንያ የራሱን ቆጠራ ማድረጉን ነው።

የኩባንያው ቆጠራ የተደረገው በፌብሩዋሪ፣ ለሁለት ሳምንት ነው። በፌብሩዋሪ ማን ምን ይገዛል? በዓሉ አልፏል፣ ክሬዲት ካርዱ ገና አልተከፈለም። የቆጠሩትም የገባውን ዕቃ ብቻ እንጂ ስንት ሰዓት እንደቆየ አይደለም።

የዚህን ሕንጻ ኑሮ የሚያውቅ ሰው ዕቃ የሚበዛበትን ወቅት ሲጠየቅ ከታንክስጊቪንግ እስከ ክሪስማስ ያለውን ብቻ አይጠቅስም። የኛ ገና የሚውለው ጃንዋሪ 7 ነው፤ ሌላው ሰው ዕቃ ማዘዝ ሲያቆም እኛ እንቀጥላለን። ፋሲካ አለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚያከብሩት ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ አምና የበዛበት ሳምንት ዘንድሮ ሌላ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያለው ጊዜ ነው። አገር ቤት የሚሄድ ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል፤ ሁለቱም ጢም ብለው ሳይሞሉ የሚሄድ አበሻ አላየንም። ለእናት የደም ግፊት መለኪያ፣ ለወንድም ስልክ፣ ለእኅት ልጆች ጫማ፣ ለጎረቤት ቫይታሚን ይታዘዛል፤ ሻንጣው ራሱ በኦንላይን ይታዘዛል። አንድ ቤተሰብ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያስመጣው ዕቃ በሌላ ጊዜ በወራት ከሚያስመጣው ሊበልጥ ይችላል። የሕንጻው ተከራይ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ የተሠራ ዕቅድ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ወደ ስፋቱ እንምጣ። ከ48ቱ ሳጥኖች አብዛኞቹ ጫማ ካርቶን እንኳ በግድ የሚይዙ ናቸው፤ ትልልቆቹ ስድስት ናቸው። ትንሽ ዕቃ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ትልቅ ዕቃ ግን ትንሽ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ትንንሾቹ ቀድመው ሲሞሉ ሹፌሩ የስልክ ሽፋን የያዘች ፖስታ ትልቁ ሳጥን ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ሹፌር የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ከአይዳሆ የተላከ ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ተሸክሞ ቆሞ ይቀራል። በጥር አንዲት እናት ያዘዙት ምጣድ በዚህ ምክንያት ሎቢ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከሥራ ሲመለሱ ካርቶኑ የለም። አስተዳደሩ «ሎከር ውስጥ ላልገባ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» አለ። ሎከር ውስጥ ያልገባው ቦታ ስላልነበረ መሆኑን ሎከሩ ራሱ መዝግቦታል። በዚያን ዕለት ትልልቆቹ ሳጥኖች ምን እንደያዙ አውጥታችሁ እንድታዩ ጠይቀን ነበር፤ እስካሁን አልታየም።

ከላይኛው ረድፍ ያሉት ሳጥኖችም ሌላ ጉዳይ ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ጎረቤታችን ዕቃቸው እዚያ ሲገባ የሚያልፈውን ሰው ይለምናሉ። የአካል ጉዳተኞች የተደራሽነት መለኪያ እጅ የሚደርስበትን ከፍታ በ48 ኢንች ይገድባል። ሶፍትዌሩ ለእንዲህ ያለ ተከራይ ዝቅ ያለ ሳጥን ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል፤ አልተደረገም።

አሁን የ48 ሰዓቱን ደንብ እናንሣ፤ ቁጣችን የበረታው እዚህ ላይ ነውና። ሎከሩ ሲሞላ የወሰዳችሁት መፍትሔ ሳጥን መጨመር ሳይሆን ዕቃ የሚቆይበትን ጊዜ መቁረጥ ሆነ። ከ48 ሰዓት በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን ክፍያ ታስቦ ከኪራዩ ጋር ይመጣል። ዕቃ ቶሎ ከወጣ ሳጥን ቶሎ እንደሚለቀቅ እናውቃለን፤ ከላይ ያስረዳነው ሒሳብም ይህንኑ ይላል። ግን ዕቃው የሚቆየው ለምንድን ነው? በነርሲንግ ሆም ደብል ሺፍት የምትሠራ ሴት ዓርብ ማታ ገብታ እሑድ ጠዋት ልትወጣ ትችላለች። ኤርፖርት የሚሠራው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። ኮዱ የሚላከው በኪራይ ውሉ ላይ ስማቸው ቀድሞ ወደተጻፈው ሰው ስልክ ብቻ ነው፤ እሳቸው ሥራ ላይ ከሆኑ ቤት ያለው ባል ወይም ልጅ ዕቃውን ማውጣት አይችልም። ጊዜውን ያስረዘመው የእናንተው አሠራር ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በሠራተኛው ላይ ወደቀ።

«48 ሰዓት የዓለም ልማድ ነው» ተብለናል። አዎ፣ ፖላንድ ውስጥ ኢንፖስት የሚባለው የዕቃ አድራሽ ኩባንያ ሎከር ዕቃ የሚያቆየው 48 ሰዓት ነው። እዚያ ግን ገዢው ሲያዝዝ ሎከር ወይም ቤቱን ራሱ ይመርጣል፤ እኛን ማንም አላስመረጠንም። ጀርመን ውስጥ ፓክስታሽን የሚባለው የዲኤችኤል ሎከር ሰባት ቀን ይጠብቃል። እዚሁ አሜሪካ አማዞን በራሱ ሎከሮች ሦስት ቀን ይሰጣል። የጊዜው ገደብ የሚወሰነው በሳጥኑ ብዛትና በሚጠቀመው ሰው ኑሮ ነው። ሌላ መንገድም አለ፦ 48 ሰዓት ያለፈውን ዕቃ ሠራተኛው አውጥቶ ወደ ተቆለፈው ክፍል ቢያዛውረው ሳጥኑ ይለቀቃል፣ ዕቃውም አይጠፋም፣ ማንም አይቀጣም።

የስሙን ነገር ብዙ ሰው እንደ ቀላል ያየዋል። በኛ ባህል የቤተሰብ ስም የለም። ባል በአባቱ ስም ይጠራል፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው፤ ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያየ «ላስት ኔም» ይኖራል። ሹፌሩ ዕቃ ለማስገባት ስክሪኑ ላይ የተቀባዩን ስም ይፈልጋል፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ግን የኪራይ ውሉን የፈረመው ሰው ስም ብቻ ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ለአራስ ልጃቸው ያዘዙት ወተት በሚስት ስም ስለመጣ «እንዲህ የሚባል ነዋሪ የለም» ተብሎ ወደ ላኪው ተመለሰ። ስሟ እንዲገባ ማመልከቻ ስትጽፍ የጋብቻ ወረቀት ተጠየቀች። ለዚህ የሚበቃው በስሙ ሳይሆን በቤቱ ቁጥር መፈለግና ቤተሰቡ ራሱ ስሞቹን እንዲያስገባ መፍቀድ ነው።

መድኃኒት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ብዙዎቹ አዛውንቶቻችን የስኳርና የግፊት መድኃኒት በፖስታና በአድራሽ ድርጅት ይላክላቸዋል። ኢንሱሊን ሳይከፈት በፍሪጅ መቀመጥ አለበት። አንድ አባት የሚጠብቁት ኢንሱሊን ከበረዶ ከረጢቱ ጋር ቅዳሜ ደርሶ ነበር። ሎከሩ ሞልቷል፣ ዴስኩ አይቀበልም፣ ሹፌሩ ይዞት ተመለሰ። ማክሰኞ ሲመጣ በረዶው ውሃ ሆኖ ካርቶኑ ረጥቦ ነበር። ልጃቸው ፋርማሲ ደውላ ጣሉት ተባለች። ዴስኩ ላይ በዚያ ቅዳሜ ሠራተኛ ተቀምጦ ነበር፤ ከጀርባው ፍሪጅ ያለው የሠራተኞች ክፍል አለ። እንዳይቀበል ስለታዘዘ አልተቀበለም። በሠራተኛው አንፈርድም፤ የምንጠይቀው ትእዛዙን ነው።

ከአባሎቻችን መካከል ዕቃ በማድረስ የሚተዳደሩ ሹፌሮችም አሉ፤ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳዩን እነሱ ናቸው። ሹፌሩ በቀን ከመቶ በላይ ቦታ መድረስ አለበት። ሎከር ሲሞላበት ሦስት ምርጫ አለው፦ በየፎቁ እየወጣ በር ማንኳኳት፣ ዕቃውን መሬት ላይ ጥሎ ፎቶ ማንሣት ወይም ይዞ መመለስ። የመጀመሪያው ሰዓቱን ይበላዋል፣ ሁለተኛው ዕቃ ሲጠፋ በሱ ያስጠይቃል፣ ሦስተኛው እንደ ጉድለት ይመዘገብበታል። ለናንተ ሎቢው ጸድቶ የሚታየው የተረፈው ሸክም ወደነዚህ ወንድሞቻችን ጫንቃ ስለተዛወረ ነው። ሹፌሩ ገና ከመንገድ ሳይመጣ ሎከሩ ስንት ባዶ ሳጥን እንዳለው የሚያሳውቅ አሠራር በሌሎች አገሮች የተለመደ ነው፤ ኩባንያችሁ ያንን አገልግሎት ይሰጥ እንደሆነ እንኳ አልተጠየቀም።

ሕጉን በሚመለከት አጭር ነገር እንበል። ሕንጻው ከ1976 በፊት ከተሠሩት ስለሆነ በዲሲ የኪራይ ቁጥጥር ሥር ነው። በ1985 የወጣው የዲሲ የኪራይ ቤቶች ሕግ ከኪራዩ ጋር ሲሰጥ የነበረ አገልግሎት በጉልህ ሲቀነስ ተከራይ አቤቱታ አቅርቦ ኪራዩ እንዲስተካከልለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ዴስኩ ዕቃ መቀበሉ ስንገባ ጀምሮ የነበረ አገልግሎት ነው ብለን እናምናለን። በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንጂ የግል አከራይን እንደማያስገድድ እናውቃለን፤ ቢሆንም ከተማው ራሱ ዋና ዋና ሰነዶቹን በአማርኛ ሲያወጣ የሎከሩ ስክሪን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ መሆኑ አዛውንቶቻችንን በልጅ ልጅ እጅ ጥሏቸዋል። ፍላጎታችን ክስ አይደለም። ጉዳዩ በንግግር እንዲያልቅ ነው የምንፈልገው፤ ካልሆነ ግን ያለንን መብት ሁሉ እንጠቀምበታለን።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመዘግየት ክፍያው እንዲቆም፣ እስካሁን የተከፈለውም ለከፈሉት ሰዎች እንዲመለስ።

ቀጥሎ፣ የዴስኩ የድሮ መዝገብና ሎከሩ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ የመዘገበው መረጃ፣ የሰው ስም ተነሥቶለት፣ ለተከራዮች ማኅበር እንዲሰጥ። የምንፈልገው በየቀኑ የገባውን ዕቃ፣ የቆየበትን ሰዓት፣ የሳጥኑን ስፋትና ሎከሩ ሞልቶ ዕቃ የተመለሰባቸውን ቀናት ነው። የሳጥኑ ብዛትና የትልልቆቹ ድርሻ በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ የፖስተኛው 20 ሳጥኖች ሳይደመሩ፣ የገና፣ የኢድና የክረምት ጉዞ ሰሞን ተካቶ እንደገና ይሰላ። ስሌቱን ከማኅበሩ ተወካዮች ጋር ተቀምጣችሁ እንድትሠሩት እንጠይቃለን፤ ከመካከላችን ሒሳቡን የሚችሉ መሐንዲሶችና የመጋዘን ሠራተኞች አሉ፤ ጊዜያቸውን ያለ ክፍያ ለመስጠት ፈቅደዋል።

ተጨማሪ ሳጥን እስኪገባ ድረስ የተቆለፈው ክፍል ተከፍቶ ሎከር የማይችለውን ዕቃ ዴስኩ ይቀበል። የቀዝቃዛ መድኃኒት ምልክት ያለበት ካርቶን ግን ሎከሩ ቢጨመርም ባይጨመርም ምንጊዜም በሰው እጅ ተቀብሎ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፤ ባለቤቱም ወዲያው ይደወልለት።

ለእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ ሦስት ስልክ እንዲመዘገብ፣ ፍለጋው በቤት ቁጥር እንዲሆን፣ ስክሪኑና መልእክቱ አማርኛ እንዲጨመርበት፣ አካል ጉዳተኛና አዛውንት ተከራዮች ዝቅ ያለ ሳጥን እንዲመደብላቸው እንጠይቃለን። እነዚህ ብረት መቁረጥ አያስፈልጋቸውም፤ ኩባንያው በሶፍትዌር የሚያስተካክላቸው ናቸው።

ጥር ላይ ምጣዳቸው ለጠፋባቸው እናትና ኢንሱሊናቸው ለተበላሸባቸው አባት ካሣ እንዲከፈል በስማቸው ያስገባነው ማመልከቻ መልስ ይሰጠው።

መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለስብሰባ ከእሑድ ከሰዓት በኋላ በስተቀር በማንኛውም ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ዝግጁ ነን፤ እሑድ ከሰዓት የብዙ አባሎቻችን የዕድርና የማኅበር ጊዜ ነው።

ከአክብሮት ጋር

የተከራዮች ማኅበር አማርኛ ተናጋሪ አባላት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዋሽንግተን ዲሲ

ግልባጭ፦
ለተከራዮች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ
ለዲሲ የተከራዮች ጠበቃ ጽሕፈት ቤት
ለሕንጻው አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች በሙሉ